ሦስተኛው ጉድጓድ

ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ ዳርቻ ላይ የተሠራው የ«ንጋት ጮራ» ገበሬዎች ማህበር የቡና መጋዘን ወለሉ መርጠብ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ሰማዩ አንዲት ደመና ሳይዝ ነው። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነበር። ክረምት ቢሆን ሁሉም በዝናቡ አመካኝቶ ዝም ይል ነበር። በዚያ ሁሉ ፀሐይ ግን ከኋለኛው ግድግዳ ሥር የተደረደሩት ጆንያዎች ከታች ረጥበው ተገኙ፤ ሁለቱን ፈትተው ሲያዩ ቡናው ሻግቷል።

የማህበሩ ሊቀመንበር ደሬሳ ጆንያዎቹን አይቶ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ቡና የውጭ ምንዛሪ ነው፤ በዚያን ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ያበላሸ ሰው ላይ «አሻጥር» የምትባል ቃል ትለጠፍበታለች። ደሬሳ ይህችን ቃል በስብሰባ ላይ ሌሎችን ሲገሥጽ ደጋግሞ ተናግሯታል፤ ፊቷን ወደ እሱ ስታዞር ግን መልኳን አልወደደላትም። በማግስቱ መጋዘኑን ለሠራው ለሙሐመድሳኒ ቶሎ ድረስ ብሎ ላከበት።

ሙሐመድሳኒ የጅማ ሰው ነው፤ ቤቱ መንደራ ቆጪ ሠፈር ነው። አባቱም አያቱም ግንበኞች ነበሩ፤ እሱ ደግሞ አሥራ አራት አባላት ያሉትን የግንበኞች ማህበር ይመራል። በሥራው ከመኩራቱ የተነሣ ሰው ቤት ለለቅሶ ሲገባ እንኳ ከመቀመጡ በፊት የግድግዳውን ማዕዘን በዓይኑ ይለካል ይባልለታል። መጋዘኑን ሲሠራ ስምንት ወር ደሬሳ ቤት እያደረ፣ የደሬሳ ሚስት ዘይቡ ያቀረበችለትን እየበላ ነው የከረመው። ሁለቱ ወንዶች እኩያ ስለነበሩ «አንተ» ሲባባሉ ወንድማማች ይመስሉ ነበር። ሥራው በ1975 ሰኔ አልቆ ርክክብ ተደረገ፤ በውሉ መሠረት ግን እስከሚቀጥለው ሰኔ ድረስ ለሚገኝ ጉድለት ተጠያቂው ሙሐመድሳኒ ነው።

መጥቶ ወለሉን አየ። ተንበርክኮ መዳፉን አሳረፈበት፤ መዳፉን አሸተተ፤ ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ይሄ ውሃ ከኔ ሥራ የመጣ አይደለም» አለ።

ደሬሳ ታዲያ ከሰማይ ነው የመጣው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሙሐመድሳኒም ከየት እንደመጣ አላህ ያውቃል፣ እኔ ግን ሃያ አምስት ሳንቲም ከፍታ ድንጋይ ደርድሬ፣ በላዩ ፕላስቲክ አንጥፌ ነው ወለሉን ያፈሰስኩት፣ እንዲህ ባለ ወለል ውሃ አይወጣም ሲል መለሰ። ደሬሳ ድንጋዩን ማን አየው አለ።

«እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር?» አለው ሙሐመድሳኒ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ ወዳጆች «እርስዎ» መባባል ያዙ። ለማያውቃቸው ሰው መከባበር ይመስል ነበር።

ውሉ ከሣጥን ወጥቶ ተነበበ። አንቀጽ አሥራ ሰባት፣ ጉድለት ተጠርጥሮ ሥራው ተከፍቶ ሲመረመር፣ ጉድለቱ የተቋራጩ ሆኖ ከተገኘ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ወጪ ተቋራጩ ይችላል፣ ጉድለት ካልተገኘ ግን አሠሪው ይችላል ይላል። ሲፈርሙ ሁለቱም ይህን አንቀጽ ፍትሐዊ ነው ብለው አመስግነውት ነበር። አሁን ሲያነቡት ከሁለት አንዱ ሳይሸከም እንደማይቀር ገባቸው።

ወጪው የብር ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር። ወለሉን ለመክፈት ከሦስት መቶ በላይ ጆንያ በሰው ትከሻ መውጣት አለበት፤ ለቀማው ገና ስላላለቀ ደግሞ ትከሻ የለም። መልሶ ለመዝጋት ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ ሲሚንቶ የሚገኘው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ሦስት ወር ይፈጃል። ከሁሉ የከፋው ግን የከፈለ ሰው ጥፋተኛ መባሉ ነው፤ ጥፋተኛ ከተባለ ያቺ ቃል ትከተላለች። ስለዚህ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ወለሉን የነካ የለም። ደሬሳ ለጅማ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሙሐመድሳኒም ለጅማ ደብዳቤ ጻፈ። እርጥበቱ ደብዳቤ ስለማያነብ በነዚያ ቀናት አንድ ስንዝር ወደፊት ገፋ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የኔነሽ መጣች። ደብዳቤዎቹ በተላኩለት የጅማ የግንባታ ቢሮ የምትሠራ የሃያ አራት ዓመት ቴክኒሽያን ናት። የደብረ ሲና ልጅ ስትሆን ጅማ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ለሥራ ስትላክ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አለቃዋ ሲሸኛት የሰጣት መመሪያ አጭር ነው፦ አንድ ስም ይዘሽ ነይ። ጥፋቱ በማን ስም ይጻፍ ለሚለው ግድ አልነበረውም።

ከጭነት መኪናው ጋቢና ስትወርድ ደሬሳ «ኢንጅነር» ብሎ ተቀበላት፤ ቴክኒሽያን ነኝ አለች። ሙሐመድሳኒም «ኢንጅነር» አላት፤ አሁንም አረመች። ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት ለሦስተኛ ጊዜ ኢንጅነር ስትባል ማረሙን ተወችው።

በመጀመሪያው ቀን መሰላል ተደግፎላት ቆርቆሮውንና አሸንዳውን አየች፤ አሸንዳው ውስጥ አቧራና ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ዙሪያውን ዞረች። የመጋዘኑ ጀርባ ወደ ጅማ መንገድ የሚያይ ሲሆን፣ በግድግዳውና በመንገዱ መካከል በአጥር የተከበበ የችግኝ ጣቢያ አለ። በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ አራት ሺህ የቡና ችግኞች በረድፍ ቆመዋል፤ በላያቸው ፈርን ከሚባል የጫካ ቅጠል ጥላ ተሠርቶላቸዋል፤ በአጥሩ ላይ ቀይ ጽሑፍ ያለው ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጣቢያው የሴቶች ማህበሩ ሲሆን ኃላፊዋ ዘይቡ ናት። ደሬሳ ለጊዜው ጭንቀቱን ረስቶ፣ ከጅማ የሚመጡ እንግዶች ሁሉ መኪናቸውን አቁመው ሳያደንቁ እንደማያልፉ ነገራት። የኔነሽም አደነቀች። በማስታወሻዋ ላይ «ችግኝ፣ በጣም ጥሩ» ብላ ጽፋ አለፈች። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን በራሷ ላይ እየሳቀች ስታወራ፣ ስጽፍ ጫማዬ ጭቃ ይዞ ነበር ትላለች።

ወደ ውስጥ ተመልሳ ስትቀመጥ ሁለቱም ፊቷ ቆመው አንድ ጥያቄ ጠየቋት፤ ቢከፈት ወጪውን ማን ይችላል?

«እኔ አላውቅም» አለች። «ወለሉ ይከፈት፤ እሱ ይነግረናል።»

ይህንኑ በወረቀት ጽፋ ፈረመችበት። በወረቀቱ ላይ ከእሷ በቀር የማንም ስም እንደሌለ ሲያዩ ሁለቱም ፊታቸው ፈካ። እስከዚያች ሰዓት የጠፋው ትከሻ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣና ጆንያው ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጥቶ አለቀ።

በማግስቱ ዲጂኖውን የያዘው ሱሌይማን ነው። ሱሌይማን የሙሐመድሳኒ ሚስት ወንድም ሲሆን ከእሱ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ ግንበኛ ነው፤ ይህን ወለል ያፈሰሰውም እሱ ነበር። የኔነሽ በኋለኛው ግድግዳ ሥር፣ እርጥበቱ በበረታበት ቦታ በኖራ ምልክት አደረገች። ሱሌይማን ሲሚንቶውን ሰብሮ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ጉድጓድ ከፈተ። ፕላስቲኩ አለ። ከፕላስቲኩ ሥር ድንጋዩ አለ። የኔነሽ ሜትሯን ሰደደች፤ ሃያ አምስት ሳንቲም ሞልቶ ትንሽም ይተርፋል። በግድግዳው በኩል ያለው ድንጋይ ግን ረጥቦ ያብለጨልጫል። አራት ሜትር ርቃ ሁለተኛ ምልክት አደረገች። ሁለተኛው ጉድጓድም እንደ መጀመሪያው ሆነ።

በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሙሐመድሳኒ ቁመቱ ይጨምር ነበር። የገበሬ ማህበሩ አባላት ሥራ ትተው መጥተው በሩን ሞልተውታል፤ እሱም በመካከላቸው እየተንጎራደደ ድንጋይ እንዴት እንደሚደረደር ያስተምራቸዋል። ደሬሳ ደጅ ጆንያ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። የኔነሽ ሁለት ጉድጓድ በቂ ነው፣ የወለሉ ሥራ ጉድለት የለበትም፣ ስለዚህ በአንቀጹ መሠረት የመክፈቻው ወጪ የገበሬዎቹ ማህበር ነው ልትል ማስታወሻዋን አወጣች።

ሙሐመድሳኒ እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

«ሁለቱን ቦታ የመረጠችው ኢንጅነሯ ናት» አለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ሦስተኛውን እኔ ልምረጥ። ነገ የተደበቀ ነበር እንዳይባል።»

ሱሌይማን በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ይበቃል አለው። ሙሐመድሳኒ ትሕትና መስሎት በእጁ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሱሌይማን ሲሚንቶ ማባከን ነው አለ። ደግሞ ወገቤን አሞኛል አለ። ሙሐመድሳኒ ታዲያ እኔው እቆፍራለሁ ብሎ ዲጂኖውን ከእጁ ወሰደ፤ ኮቱን አውልቆ፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚረግጠው ቦታ ይሁን በማለት ከፊት ለፊቱ በር በስተቀኝ ያለውን ማዕዘን መረጠ። ቢስሚላህ ብሎ መታው።

ከሲሚንቶው ሥር የወጣው ቀይ አፈር ነው። ድንጋይ የለም፤ ፕላስቲክም የለም። አንድ ክንድ ጨመረ፤ አሁንም አፈር፣ እንደ ዱቄት የደረቀ አፈር። ወደ ግራ ሰፋ አደረገው። በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ድንጋዩ ተጀመረ።

ሙሐመድሳኒ ዲጂኖውን አስቀምጦ ሱሌይማንን አየው። ሱሌይማን የራሱን ጫማ ያያል። ነገሩ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የሆነ ነው። ሙሐመድሳኒ ልጁን ሊድር አጋሮ ሄዶ አራት ቀን ቆየ፤ ድንጋይ የሚያመጣው መኪና ተበላሸ፤ ሰማዩ ጠቆረ፤ ሲሚንቶው ተቦክቷል። ሱሌይማን የመጨረሻዋን ሁለት ሜትር አፈር ደልድሎ አፈሰሰባት። ይህን ሁሉ እዚያው፣ በሰው ፊት፣ በሁለት አረፍተ ነገር ተናገረ።

ደሬሳ ከጆንያው ላይ ተነሣ። ጉድጓዱ አፍ ድረስ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ሃያ አምስት ሳንቲም» አለ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ጦፈ። ደሬሳ ጉድለት ተገኝቷል፣ አንቀጹ ግልጽ ነው፣ ተቋራጩ የሦስቱንም ጉድጓድ ወጪ ይችላል አለ። ሙሐመድሳኒ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ምርመራው ስለ እርጥበቱ ነው፣ ይህ ማዕዘን ከመጋዘኑ ሁሉ የደረቀው ነው፣ ደግሞም የከፈትኩት እኔ ነኝ አለ። አባላቱም ለሁለት ተከፍለው ከፊሉ ለአንዱ ከፊሉ ለሌላው መሟገት ያዘ። የኔነሽ አንቀጽ አሥራ ሰባትን አራት ጊዜ አነበበችው። አንድ ነገር ሲፈለግ ሌላ ነገር ቢገኝ ማን ይክፈል የሚል ቃል ግን የለበትም።

ጩኸቱን ሸሽታ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሄደች። ጊዜው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ግድግዳውን በመዳፏ ተደግፋ ስታስብ ከወዲያ በኩል የሚንዠቀዠቅ ድምፅ ሰማች። ጆሮዋን አስጠጋች። ውሃ ነው። ወጥታ ዞራ ወደ ችግኝ ጣቢያው ገባች፤ ሰው ሁሉ ምን አየች ብሎ ተከተላት።

አሥራ ሁለት ሴቶች ማጠጫ ይዘው በረድፎቹ መካከል ይመላለሳሉ። ዘይቡ ራሷ ግድግዳው ሥር ያለውን ረድፍ በባልዲ ታጠጣለች። የኔነሽ ስለ አጠጣጡ ጠየቀቻት፤ ዘይቡም በትዕግሥት አስረዳቻት። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋትና ማታ እናጠጣለን፣ እነዚህን ግን ግድግዳው ፀሐዩን ስለሚመልስባቸው ድርብ እንሰጣቸዋለን አለች። የቆመችበት መሬት እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። የግድግዳው ሥር ሁለት ክንድ ያህል ጠቁሯል።

«አዴ ዘይቡ፣ ውሃው ወደ መጋዘኑ እየገባ ነው» አለቻት የኔነሽ፣ በአገሩ ልማድ «አዴ» ብላ አክብራ።

ዘይቡ ባልዲውን አስቀመጠች። ግድግዳውን አየች፤ ባሏን አየች።

«እኔ ወንዙ ዳር ይሁን ብዬ ነበር» አለች። «ከመንገድ ይታይ ያለው ማን ነው?»

መልሱን የማያውቅ አልነበረም። ደሬሳ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያነብ ሰው ቆሞ ያነብ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት የኔነሽ የሪፖርቷን ወረቀት ዘርግታ ስትቀመጥ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገቡ። ያልጠበቀችው ነገር የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሙሐመድሳኒ የሁሉንም ወጪ እኔ እችላለሁ አለ። በስሜ በተሠራ ወለል ሥር አፈር ተገኝቶ ሌላ ሰው እንዲከፍልልኝ አልፈልግም፣ ሁለቱ ጉድጓዶችም ባይከፈቱ ሦስተኛው አይገኝም ነበር አለ። ደሬሳ አይሆንም አለ። ቡናውን ያበላሸው የእኛ ውሃ ነው፣ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሦስተኛው ጉድጓድም የተቆፈረው እኔ ድንጋዩን ማን አየው ብዬ ስላበሳጨሁዎት ነው አለ። ትናንት ላለመክፈል እንደተሟገቱት ሁሉ ዛሬ ለመክፈል ተሟገቱ፤ ድምፃቸውም ያው ነበር።

የኔነሽ ቀስ ብላ አንድ ነገር አስታወሰቻቸው። ቢሮው የሚፈልገው አንድ ስም ነው፤ ስሙ የሰፈረ ሰው ስለ ሁለቱ ጆንያ ቡና ሊጠየቅ ይችላል። በዚያ ዘመን ሊጠየቅ ይችላል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

«የኔን ጻፊ» አለ ሙሐመድሳኒ።

«አንተ ሰው ግትር ነህ» አለው ደሬሳ። «ልጄ፣ የሱን እንዳትጽፊ። የኔን ነው።»

የኔነሽ ብዕሯን ይዛ ቀረች። ከጅማ ስትመጣ ሁለት ሰዎች ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ሲጥሉ መዳኘት ነው የሚጠብቀኝ ብላ ተዘጋጅታ ነበር። ሁለቱም ወደ ራሳቸው ሲጎትቱት ምን እንደሚደረግ ያስተማራት ሰው አልነበረም። እንባዋ እንዳይታይባት ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች።

የገላገለቻቸው ዘይቡ ናት። ለኢንጅነሯ ቁርስ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ ነበር።

«ሁለታችሁም ክፈሉ» አለች። «ግን እየተሻማችሁ አይደለም፤ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን። ከዚያ ለኔ ደግሞ አራት ሺህ ችግኝ ወንዙ ድረስ የሚሸከም ሰው ፈልጉልኝ።»

የኔነሽ እንደተባለው ጻፈች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች የተከፈቱት ለእርጥበቱ ነው፤ ምክንያቱ ከውጭ የመጣ ውሃ ስለሆነ መክፈቻውንም መዝጊያውንም አሠሪው ይችላል። ሦስተኛው የተከፈተው በተቋራጩ ፈቃድ ነው፤ የተቋራጩ ጉድለት ስለተገኘበት ተቋራጩ ይችላል። ሁለቱም አንብበው፣ ድርሻችን አነሰ ብለው ትንሽ አጉረምርመው ፈረሙ። ችግኙን ለማዛወር ሦስት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያውን ሣጥን በራሱ ላይ ተሸክሞ ወንዙ ድረስ የወረደው ሊቀመንበሩ ነው፤ ዘይቡም ከኋላው እየተከተለች ሣጥኑን እንዳያጋድለው ትቆጣጠረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጅማ የሚመጡ እንግዶች ችግኝ ለማየት ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው መውጣት ግድ ሆነባቸው፤ ቁጥራቸውም ቀነሰ።

ጅማ ላይ አለቃዋ ሪፖርቱን አንብቦ ስሙስ አላት። የኔነሽ በመንገድ ላይ ስትለማመደው የመጣችውን መልስ ሰጠች።

«ሁለት ስም አለ። ሁለቱም እኔ ነኝ ብለዋል። የትኛውን ልሰርዝ?»

አለቃው መነጽሩን አውልቆ አሰበ። የተበላሸው ሁለት ጆንያ ነው፤ ማህበሩ የዓመቱን ኮታ ሞልቶ አስረክቧል። ጥፋተኛ ሲፈልግ እንጂ ጥፋተኛ ሲበዛበት ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ መመሪያ አልነበረውም። በወረቀቱ ጥግ ላይ ምልክት አድርጎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የሲሚንቶውን ደብዳቤ ግን ፈረመላት፤ እሷም ደብዳቤውን በእጇ ይዛ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች በአምስት ሳምንት አስጨረሰችው።

መጋቢት ላይ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ በጭነት መኪና ይዛ ወደ የቡ ተመለሰች። ስትደርስ ሱሌይማን በበሩ ማዕዘን ተንበርክኮ ድንጋይ ይደረድራል። ድንጋዩን ከወንዙ በአህያ ያመላለሰው ራሱ ነው፤ ለሁለት ሜትር ከሚያስፈልገው በላይ አምጥቷል። ደሬሳ ኮቱን በር ላይ ሰቅሎ ድንጋይ ያቀብላል። ሙሐመድሳኒ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያያል። ስለዚያ ግንቦት ለሱሌይማን እስከ ዛሬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ሱሌይማን ደግሞ ቢናገረኝ ይሻል ነበር ብሎ ለዘይቡ አውርቷታል።

የኔነሽ ሰላምታ ሰጥታ ከጎናቸው ቆመች። ሱሌይማን አንድ ሰፊ ድንጋይ አስቀመጠ፤ ተነቃነቀ። ሙሐመድሳኒ ከባልዲው ላይ ተነሥቶ አጠገቡ ተንበረከከ።

«ይሄን ገልብጠው» አለው።

ሱሌይማን ገለበጠው። ድንጋዩ ገባ። ሙሐመድሳኒ ጫን ጫን አድርጎ ፈተሸውና፣ ሳይነሣ እጁን ወደ ደሬሳ ዘረጋ፤ ቀጣዩን ድንጋይ ተቀበለ።